የዮሃይ ጂፕ ለምን ቀጥ ብሎ አይሄድም?

ኢየሩሳሌም፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለስሜነህ፣ ጎንደር፣ አዘዞ።

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ጋራዡ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው ወይ? እኔና ልጄ አድቫ የአባቶቻችን አምላክ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን።

ልጄን ዮሃይን ከቀበርኩ ወዲህ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አዘዞ ላይ ድንኳን ጥለህ፣ ዘመድ ሰብስበህ እንዳለቀስክለት ሰምቻለሁ። ብድርህን በልጆችህ ሠርግ ይመልስልኝ። በስልክ በድምፅ ልልክልህ ሞክሬ ነበር፤ ስናገር ግን ዕንባ ይቀድመኛል። ስጽፍ ይሻለኛል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና እጄ ዝግ ይላል፤ አንዱን ቃል እስክጨርስ ዕንባው ይመለሳል። ወረቀቱን አድቫ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች፤ አንተም ኔትወርክ ሲመጣልህ ታነበዋለህ።

ጉዳዬ መኪና ነው። አትሳቅ።

ዮሃይ ያ የደም በሽታ ሳይዘው በፊት አሮጌ ጂፕ ገዝቶ ነበር፤ በዕድሜ አድቫን ይበልጣታል። በረሃ ለበረሃ ይነዳው ነበር። አሁን የቆመው እኔ የምሠራበት ግቢ ነው። ኢትዮጵያ መንገድ ላይ፣ ከደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያናችሁ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ቶቫ የሚሏት አሮጊት አስታምማለሁ። ግቢውን የፈቀደችልን እሷ ናት፤ እኛ የምንኖርበት ቂርያት ሃዮቨል ማቆሚያ አይገኝም።

እንግዲህ አድቫ ወታደርነቷን ጨርሳ ደቡብ በረሃ፣ ሚጽፔ ራሞን፣ እንግዳ የማስጎብኘት ሥራ አገኘች። ከፋሲካ በኋላ ትጀምራለች። «በወንድሜ ጂፕ ካልሆነ አልሄድም» አለች። እኔ ደግሞ አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛ መቅበር አልችልም። ጂፑ ቀጥ ብሎ አይሄድም ስሜነህ! አብሬያት ወደ ሙት ባሕር ስንወርድ አየሁት። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ መሪው ቀጥ ብሎ ተይዟል፣ መኪናው ግን ወደ ግራ ያዘነብላል። ስትመልሰው ወደ ቀኝ። መንገዱን ሙሉ መሪውን ስታርመው ዋለች። «ኢማ፣ አሮጌ ነው፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ትለኛለች፤ ኢማ ስትል በዕብራይስጥ እናቴ ማለቷ ነው። የዮሃይ ጓደኛ ኦመር ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ እሱም «አሮጌ ጂፕ ሁሉ እንዲህ ነው» ይለኝና ፊቱን ያዞራል።

ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ምክንያቱ ካልታወቀ አልሰጥም ብያለሁ። ዕድሜህን ከመኪና ሥር የጨረስከው አንተ ነህ። ምኑ ነው? ንገረኝ።

እህትህ ተናኜ

---

ጎንደር፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ተናኜ። ሰላምታዬ ከአንገረብ ውኃ ይብዛልዎ። መድኃኔ ዓለም ጉልበትዎን ያጽና፤ አድቫን ያሳድግልዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ የጥምቀት ሰሞን ስለሆነ ነው የዘገየሁት፤ ጋራዡን ዘግተን ነበር። አልሳቅሁም። ይልቅስ ለሠራተኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «እስራኤል አገር መካኒክ ጠፍቶ ነው?» አሉኝ። «መካኒክ ሞልቷል፤ የጠፋው ዘመድ ነው» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ሥራ ቀረ፤ አንዱ ጎማ ነው ይላል፣ አንዱ መሪ ነው ይላል፣ ሊደባደቡ ደረሱ።

እታለም፣ መሪ የሚዋልል መኪና ምክንያቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ከቀላሉ እንጀምር። መጀመሪያ ጎማ። መኪናው ሳይነዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ንፋሱ ይለካ። የፊት ሁለቱ እኩል ይሁኑ፣ የኋላ ሁለቱም እኩል ይሁኑ።

ቀጥሎ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሞተሩ ይጥፋ፣ ጎማዎቹ መሬት ይርገጡ። አድቫ ከላይ ተቀምጣ መሪውን ግራ ቀኝ በትንሹ ትወዝውዘው። ሌላው ከሥር ይተኛና ከመሪው ሳጥን ጀምሮ እስከ ጎማው ያለውን መገጣጠሚያ አንድ በአንድ በመዳፉ ይጨብጥ። በየባራው፣ ማለት በየብረት ዘንጉ፣ ጫፍ እንደ ኳስ የሚዞር አንጓ አለ፤ እኛ ቴስታ እንለዋለን። አንዱ ወገን ሲነቃነቅ ሌላው ወዲያው ካልተከተለው ላልቷል ማለት ነው። ዐይን አያየውም፤ መዳፍ ግን ያውቀዋል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ደግሞ ማንም እንዳይገባ አደራ።

ከሥር የሚተኛው ኦመር ይሁን። አንቱ እንዳይሆኑ!

ታናሽዎ ስሜነህ

---

ኢየሩሳሌም፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለስሜነህ። ሰላም ለቤትህ፣ ሰላም ለሠራተኞችህ፤ የተጣሉትንም አስታርቅልኝ።

እኔው ተኛሁ። ኦመርን መጠበቅ አቃተኝ።

ዝናብ ጥሎ ድንጋዩ እርጥብ ነበር። የቶቫን አሮጌ ምንጣፍ አነጠፍኩና ገባሁ። አድቫ ከላይ ሆና «ኢማ፣ ልወዝውዝ?» ትለኛለች፣ እኔ ከሥር «ወዝውዢ!» እላለሁ። የመጀመሪያውን ጨበጥኩ፤ ጽኑ ነው። ሁለተኛውን ጨበጥኩ። ስሜነህ፣ ነገሩ እንዴት ያለ ነው! ልጄ ከላይ እጇን ስታነቃንቅ እኔ ከሥር በመዳፌ እሰማታለሁ። እሷ ሳታየኝ ምን ያህል እንዳዞረች አውቃለሁ። እንደ ልጅ ሆንኩ።

ይኸኔ የግቢው በር ክፍት ኖሮ ከደብረ ገነት የሚወጡ አንዲት እማሆይ እግሬን አዩት።

«ውይ በሞትኩት! ልጄ፣ ገጭቶሽ ነው?»

«የለም እማሆይ፣ እያስታመምኩት ነው።»

«ማንን?»

«መኪናውን።»

አማተቡ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ታዲያ ምኑን ነው ያመመው?» አይሉም! አድቫ መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ከወንድሟ ሞት ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ያገኘሁትን ልንገርህ። ከፊት ጎማዎቹ አንዱ ንፋሱ ጎድሎ ነበር፤ ሞላነው። ቴስታ ያልካቸው ሁሉ ጽኑ ናቸው። ሆኖም መሪው መሃል ላይ ባዶ ቦታ አለው፤ አድቫ ትንሽ ስታዞረው ከሥር ምንም አይነቃነቅም። ይኸ ምንድን ነው? ቶሎ ጻፍ!

ተናኜ

---

ጎንደር፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም ተናኜ፤ ጤናና ረጅም ዕድሜ ከሰማይ ይውረድልዎ።

ጎበዝ! ሠራተኞቼ «እኚህን ሴት ይቅጠሩልን» ብለውኛል። በመሃል ባዶ ቦታ ካለው የመሪው ሳጥን ነው፤ ጥርሱ ተበልቷል። ሳጥኑ አናት ላይ አንድ ብሎን አለ፤ ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ይጥበቅ። ያን ጊዜ ያበቃል፤ ካላበቃ እኔን ይቅጡኝ።

ስሜነህ

---

ኢየሩሳሌም፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስሜነህ፤ ሰላምታዬ ይድረስህ፣ ቅጣትህም ይከተልህ።

ሳትክ! ባሰበት! አድቫ ብሎኗን ባለ በሌለ ኃይሏ አጠበቀችው፤ «ጥቂት» ያልከውን የወታደር ጥቂት አደረገችው። መሪው ደረቀ። ከጠመዝማዛ በወጣን ቁጥር እዚያው ተጣሞ ይቀራል፤ ተጎትቶ ካልተመለሰ አይመለስም። «ዘመድሽ ሊገድለን ነው» አለችኝ። ኦመርን ጠርተን አላላልን።

ግን ስማኝ፣ ስማኝ! እሱ ሲያላላ እኔ እንደገና ከሥር ገባሁ፤ አሁን ማን ያወጣኛል? ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ በሰያፍ የተዘረጋ ሌላ ባራ አለ፤ አንተ አልነገርከኝም። አንዱ ጫፉ ከሻንሲው፣ ከመኪናው አጥንት ጋር ታስሯል፣ ሌላው ሁለቱን ጎማ ከያዘው ከታችኛው ብረት ጋር። ዝም ብዬ ጨበጥኩት። አድቫ ስትወዘውዘው መዳፌን ቷ! አደረገኝ። እንደገና ቷ! ጮህኩ። ኦመር ጎንበስ ብሎ ባትሪ አበራና «ጎሚኒው አልቋል» አለ። ጎሚኒ ያለው ብረቱ ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ ነው፤ ተፍረክርኮ እንደ ቆሎ ረገፈ።

«አንተ ጋራዥ የምትሠራው ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ኢማ ተናኜ፣ አንቺ ከሥር የምትገቢው ለምንድን ነው?» አለኝ።

አዲስ ጎሚኒ አስገባ። ኳኳታው ጠፋ፣ የመሃሉም ባዶ ቦታ አነሰ፤ እልል አልኩ። ወደ ሙት ባሕር ወረድን። በዝግታ ስንሄድ ጥሩ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ግን ያው፣ ግራ ቀኝ። ቀነሰ እንጂ አልተወውም። ኦመርም እንደገና ፊቱን አዞረብኝ። አሁን ምን ቀረ?

ተናኜ

---

ጎንደር፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፤ እግዜር ይስጥልኝ። ቅጣቱ ተገቢ ነው። ብሎኑን ሳላይ መፍረድ አልነበረብኝም፤ የሰያፉንም ባራ የዘለልኩት እኔ ነኝ።

ጂፑን ከጎን ፎቶ ያንሱልኝ፤ አንዱን ሙሉውን፣ አንዱን የፊት ጎማውን በቅርብ።

ስሜነህ

---

ኢየሩሳሌም፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስሜነህ፤ ደኅና ነህ ወይ?

ፎቶውን ከላክን ሰነበተ። ኔትወርክ የለም ትለኛለህ ብዬ ነበር፤ አድቫ ግን ሁለቱ ምልክት ሰማያዊ ሆኗል፣ አይቶታል ትላለች። አይተህ ዝም አልክ። ኦመርም አይቶ ዝም ይላል። ሁለት መካኒክ፣ አንዱ ጎንደር አንዱ ኢየሩሳሌም፣ ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ዝም ሲሉ እኔ ምን ልበል? ፋሲካ ደረሰ። ልጄ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀምራለች። እኔን ላለማስከፋት ብለህ ልጄን በማይታመን መኪና ትሰዳታለህ?

የምታውቀውን ጻፍ። ብዙ ሰምቻለሁ፤ ይኸንንም እችላለሁ።

ተናኜ

---

ጎንደር፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለእታለም ተናኜ። የልጅዎን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

አይቼው ነበር። ስጽፍ ስቀድ ሰነበትኩ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እታለም፤ አገራችን እንደዚያ አላሳደገችንም። ግን አድቫ ላይ መዋሸት ይከፋል።

ያ ጂፕ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደዚያ ረጅም አልነበረም። ሞላው ተቀይሯል፤ ከፍ እንዲል ረጅም ሞላ ገብቶበታል። ወጣቶች ይወዱታል፤ ድንጋይ ላይ አይላተምም፣ ሲታይም ያምራል። ነገር ግን የብስክሌትን የፊት ሹካ ያስቡት። ወደ ኋላ ዘንበል ያለ ነው፤ ስለዚህ ልጅ እጁን ቢለቅም ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የጂፕም የፊት ጎማ የሚዞርበት አንጓ እንደዚያው ወደ ኋላ ዘንበል ማለት አለበት። ሻንሲው ከፍ ሲል ያ አንጓ ወደ ፊት ይመለሳል። ያን ጊዜ መሪው ቀጥታውን ያጣል፤ ጎማው መንገዱን አይፈልግም፣ ነጂው ሲፈልግለት ይውላል። ከጠመዝማዛ በኋላም በራሱ አይመለስም። አንቱ ያዩት ይኸን ነው። ብሎኑ ብቻ አልነበረም።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ቀዳዳው ከመሃል የወጣ ልዩ ጎሚኒ ገብቶ አንጓው ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ወይ የድሮው ሞላ ተመልሶ ጂፑ ይወርዳል። ሁለቱም ያስኬዳል። ምርጫው የአንቱ ነው፤ እኔ በዚህ አልገባም።

ማን ከፍ እንዳደረገው አልጠየቅሁም። አልጠይቅምም።

ስሜነህ

---

ኢየሩሳሌም፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣ እውነት ለነገረኝ ለስሜነህ፤ አፍህ ይባረክ።

አንተ ባትጠይቅም እኔ ጠየቅሁ። ደብዳቤህን ይዤ ኦመር ዘንድ ሄድኩ፤ አድቫ በዕብራይስጥ አነበበችለት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆየና «እኔና ዮሃይ ነን» አለ። «ሁለታችን፣ ቶቫ ግቢ ውስጥ። እኔ መሪው ይበላሻል ብዬው ነበር። አልሰማኝም። ቁመቱን ወደደው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ብዬ? አንቺ ሁልጊዜ ወርቅ ልጅ ነበር ነው የምትይው።»

ደብዳቤህን አጣጠፍኩ። ወደ ግቢው ተመለስኩ። ጂፑ ቆሟል፣ ረጅም፣ ኩሩ፣ ልክ እንደ እሱ። ምን እንደነካኝ አላውቅም ስሜነህ፤ ጮህኩበት። «አንተ ዮሃይ! አንተ ደረቅ! ሰው ሲነግርህ አትሰማም? እህትህን ልትገለብጣት ነው? ቁመት ለምንህ ነው? ድሮም እንዲህ ነህ፣ ጫማ እንኳ ከእግርህ የሚበልጥ ካልሆነ አትገዛም!» ቶቫ በመስኮት ብቅ አለች። መንገድ ላይ ሰው ቆመ። እኔ አላቆምኩም።

ልጄ ከሞተ ጀምሮ በተዝካሩም፣ በልቅሶውም ያወራሁለት ልጅ ጥፋት የሌለው፣ እንደ መልአክ ያለ ልጅ ነበር። እሱን እኔ አላውቀውም። እኔ የማውቀው ደረቁን ነው። ያን ዕለት ደረቁ ልጄ መጣልኝ። ተቆጣሁትና ልቤ ሞላ፤ ደስ አለኝ። ይኸን ለማንም ብነግር አበደች ይለኛል።

አድቫ ግን ሌላ ሆነች። «ኢማ፣ ዳይ! ዳይ!» ብላ በቃሽ አለችኝ። ሞላዎቹ ይውጡ ስል ጎማው ሥር ተቀምጣ አላስነካም አለች። «እጁ የነካው ነው። ይኸን ካወጣን ምን ቀረን? ልዩ ጎሚኒው ይግባና ቁመቱ ይቆይ።»

አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንቺ ተሳስተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ሁልጊዜ።»

«እኔስ ምን አደርጋለሁ?»

«ትጮሂብኛለሽ። ከዚያ ታስተካክይዋለሽ።»

«ለእሱስ ለምን ይቀርበታል? በሕይወት ያለ ልጅ ይሳሳታል፣ እናቱም ታርመዋለች። ሞተ ብለን መሳሳቱን ከከለከልነው ሁለተኛ ገደልነው።»

ጎማውን በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ «ግን ቁመቱ ያምር ነበር» አለች።

«ያምር ነበር» አልኳት። እውነት ነው፣ ያምር ነበር።

የድሮዎቹ ሞላዎች ኦመር ጋ ተቀምጠዋል፤ ነገ ይገባሉ። እናወርደዋለን።

ተናኜ

---

ጎንደር፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፤ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጋራዥ ውስጥ ጮክ ብዬ ላነበው ጀምሬ መሃሉ ላይ ስልኩን ለልጆቹ ሰጠኋቸው፤ ተቀባብለው ጨረሱት። የዮሃይን ጫማ ነገር ሲያነቡ ሳቅንበት። ስለ እሱ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው።

ሞላው ከገባ በኋላ ጂፑ ትንሽ ተነድቶ ሁሉም ይደላደል፤ ከዚያ ብሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ፣ የጎማውም አቅጣጫ በመሣሪያ ይለካ። ስትነዳ ምን እንደሆነ ሳይውል ሳያድር ይጻፉልኝ። እዚህ ውርርድ ተገብቷል።

ስሜነህ

---

ኢየሩሳሌም፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለስሜነህና ለጋራዡ በሙሉ። ፋሲካችንም ፋሲካችሁም በሰላም አለፈ፤ ለከርሞም በጤና ያድርሰን።

ማን እንደተወራረደ አላውቅም፤ ቀጥ ይላል ያለው በልቷል!

ሞላውን ሲያወጡት ኦመር አለቀሰ፤ እኔ አላለቀስኩም፣ ክሪኩን እያየሁ «ድጋፍ አግባ!» እያልኩ ስጮህበት ነበር። ጂፑ ወረደ። ያልኮፈሰ ዶሮ መሰለ፤ አድቫ «ሚስኪን» አለችው። ቶቫ ግን፣ ከዚህ በፊት ጂፑ ላይ በምንም መንገድ መውጣት የማትችለው ሴት፣ በትሯን ለእኔ ሰጥታ ገብታ ቁጭ አለች፤ ካላዞራችሁኝ አልወርድም አለች። ሦስታችን በጠባቡ በኢትዮጵያ መንገድ፣ በግንቦቹ መካከል ወጣን። ከዚያ ወደ ሙት ባሕር ቁልቁል።

እኔ መንገዱን አላየሁም፤ የአድቫን እጅ ነው ያየሁት። ድሮ እጇ ዕረፍት አልነበረውም። አሁን መሪው ላይ ተቀምጧል፣ እንዲሁ ተቀምጧል። ጠመዝማዛው መጣ፣ አዞረች፤ ሲያልቅ መሪው በመዳፏ ውስጥ እየተንሸራተተ ወደ ቦታው ገባ። አድቫ ወደ እኔ ዞረች። «መንገዱን እዪ!» አልኳት። ቶቫ ከጎን «ፈጠን አድርገሽ ንጂ» ትላለች፤ በሰማንያ ዓመቷ።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ሰጠኋት። አብሬሽ ልምጣ አላልኩም፤ ልለው ነበር፣ ዋጥኩት። ሻንጣዋን ጭና ሄደች። እኔ ቶቫን አጥቤ፣ ቁርሷን አብልቼ፣ ይኸን ደብዳቤ ጀመርኩ። ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እዚህ ላይ ስደርስ ጮኸ።

«ኢማ! ደረስኩ። በረሃው ላይ ቀጥ ያለው መንገድ የለም? እጄን ለቀቅኩት።»

«ምን አደረግሽ?»

«ሁለቱንም። ትንሽ ብቻ። ቀጥ ብሎ ሄደ ኢማ፣ እንደ ክር!»

«አንቺ ዕብድ! አንቺ የማትሰሚ! እጅ ይለቀቃል? ልክ እንደ ወንድምሽ ደረቅ ነሽ!»

ነፋሱ በስልኩ ይሰማል።

ከዚያ «አዎ፣ ልክ እንደ እሱ» አለች፤ ሳቀች። እኔም እየሳቅሁ ስድቤን ቀጠልኩ።

ሰላምታዬ ለመላው ዘመድ ይድረስ። ከመኪና ሥር ስትወጣ ጭንቅላትህን ጠብቅ።

እህትህ ተናኜ